ከሀሁ እስከ ፐፑ፦ ጸጋዬ ገብረ መድኅንና የመድረክ ፊደሉ

ከቤተ መጻሕፍታችን የተውኔት መደርደሪያ ላይ የአራት ተውኔቶችን ርዕስ ብቻ እናንብብ፦ «ሀሁ በስድስት ወር»፣ «አቡጊዳ ቀይሶ»፣ «መልእክተ ወዛደር»፣ «ሀሁ ወይም ፐፑ»። አራቱንም የጻፈው ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ነው። በልጅነቱ የኔታ እግር ሥር የተቀመጠ ሰው እነዚህን ርዕሶች ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ለምን ቢባል፣ የቄስ ትምህርት ቤት የንባብ መሰላል ናቸውና! ከአገራችን ጸሐፌ ተውኔቶች መካከል እንደሱ አድርጎ የተማሪ ቤትን ገበታ ብሔራዊ መድረክ ላይ ያወጣ ሌላ ሰው አላውቅም። እኛ ደግሞ ገበታው ፊት ልንቆም የምንሠለጥን ሰዎች ነን። ስለዚህ ስለ ጸጋዬ ብዙ ቢባልም፣ በዚህ በኩል የሚባለው ገና አላለቀም።

በመጀመሪያ ስለ ሰውየው ጥቂት እናንሣ። ጸጋዬ የተወለደው ነሐሴ 11 ቀን 1928 ዓ.ም. አምቦ አጠገብ ቦዳ በምትባል መንደር ነው። ቀኑን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን። አባቱ ኦሮሞ፣ እናቱ ከአንኮበር የመጡ አማራ ነበሩ። ስለዚህ ቤት ውስጥ ሁለት ቋንቋ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ሦስተኛው ግዕዝ ይጠብቀው ነበር። ከብትም ጠብቋል። እንግሊዝኛ አራተኛ ሆኖ የመጣው አምቦ ከተማ ትምህርት ቤት ከገባ በኋላ ነው።

እዚያው አምቦ፣ በአንደኛ ደረጃ ተማሪነቱ፣ በ1940ዎቹ መጀመሪያ ግድም «ንጉሥ ዲዮኒስዮስና ሁለቱ ወንድማማቾች» የተባለ ተውኔት ጻፈ። ተውኔቱም ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በተገኙበት ታየ። ዲዮኒስዮስ እኮ በጭካኔው የሚታወቅ የጥንቷ የሲራኩስ ገዥ ነው። ከብት ሲጠብቅ ያደገ የገጠር ልጅ፣ በንጉሥ ፊት፣ የጨካኝ ንጉሥ ስም በርዕሱ የያዘ ተውኔት ማቅረቡ እንዴት ያለ ድፍረት ነው! ወይም የልጅ የዋህነት ነው። ምናልባት ሁለቱም። ለኛ ግን ቁም ነገሩ ሌላ ነው፦ ይህን ጸሐፊ መጀመሪያ ወደ መድረክ ያወጣው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ቴአትር ቤት የደረሰው ዘግይቶ ነው።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ጉዞ በአጭሩ እንለፈው። አዲስ አበባ መጥቶ ጄኔራል ዊንጌት፣ ቀጥሎም ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ገባ። በነፃ ትምህርት ዕድል አሜሪካ ሄዶ ቺካጎ ከሚገኘው ብላክስቶን የሕግ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1959 ተመረቀ። ሕጉን ግን አልሠራበትም። በዩኔስኮ ድጋፍ ወደ አውሮፓ ተሻግሮ የለንደኑን ሮያል ኮርትና የፓሪሱን ኮሜዲ ፍራንሴዝ እየተዘዋወረ አየ። ተመልሶም በ1948 ዓ.ም. በተመረቀው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ማለትም በኋላ ብሔራዊ ቴአትር በተባለው ቤት፣ ለአሥር ዓመት ያህል ዳይሬክተር ሆኖ ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1966፣ ገና 29 ዓመቱ ሳለ፣ ለአማርኛ ሥነ ጽሑፍ የሚሰጠውን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ተቀበለ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል ሲቋቋምም ከደከሙት አንዱ ነው። ሲያስተምር ኖሯል ማለት ነው፤ የኛ ባልደረባ ነበር ብንል አላጋነንም።

አሁን ወደ ፊደሉ እንመለስ።

በንባብ ቤት ሥርዓት ሕፃኑ መጀመሪያ የሚይዘው ሀሁ ነው። ሀ ሁ ሂ ሃ እያለ በዜማ ይወርዳል። ዜማው ራሱ ይሸከመዋልና ብዙ ልጅ ፊደሉን ሳያውቅ ዜማውን ያውቃል። የኔታ በስንደዶ አንድ ፊደል መሃል ላይ ቢጠቁሙት ይጨንቀዋል፤ ከላይ ጀምሮ እየዘመረ ካልወረደ አይደርስበትም። መምህራኑ ይህን ስለሚያውቁ ሁለተኛ ገበታ አበጁ፤ እሱም አቡጊዳ ነው። አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። አ ከግዕዝ፣ ቡ ከካዕብ፣ ጊ ከሣልስ፣ ዳ ከራብዕ፣ ሄ ከኃምስ፣ ው ከሳድስ፣ ዞ ከሳብዕ። ተራው ተበጥብጧል፤ የለመደው ዜማም አያድንም። ልጁ ፊደሉን በመልኩ መለየት ግድ ይሆንበታል። በመምህርነት ሙያ መጻሕፍት ውስጥ «በቃል ሸምድዶ ማወቅንና ተረድቶ ማወቅን ለይቶ መመዘን» የሚባለውን ነገር፣ የኔታ ዛፍ ሥር ሆነው በአንድ ቁራጭ ብራና ይሠሩት ነበር! ከአቡጊዳ ቀጥሎ መልእክተ ዮሐንስ ይመጣል። ልጁ የተማረውን ፊደል ከቃል ጋር አጋጥሞ ማንበብ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው፤ በግዕዝ ንባብ፣ በውርድ ንባብ፣ በቁም ንባብ።

ጸጋዬ ይህን መሰላል በ1966ቱ አብዮትና በተከታዮቹ ዓመታት ላይ ገጠመው። «ሀሁ በስድስት ወር» የአብዮቱ ፍንዳታ ዘመን ተውኔት ነው። ርዕሱ ውስጥ ያለውን ምፀት ተመልከቱ። አገር አዲስ ነገር ልትማር ተቀምጣለች፤ የተሰጣት ጊዜ ግን ስድስት ወር ነው። የትኛው ሕፃን ነው በጥድፊያ ተምሮ የሚጠና? ቀጥሎ «አቡጊዳ ቀይሶ» መጣ። መቀየስ መንገድ መተለም ነው፤ ስለዚህ ሀሁን በዜማ የጨረሰው ሕዝብ አሁን የተበጠበጠ ገበታ ቀርቦለታል፣ መንገዱንም ራሱ መተለም አለበት ማለት ይመስለኛል። ሦስተኛው «መልእክተ ወዛደር» ነው። ወዛደር «ወዝ» እና «አዳሪ» ከሚሉ ቃላት የተገኘ፣ በወዙ የሚያድረውን ሠራተኛ የሚያመለክት ቃል ነው። በመልእክተ ዮሐንስ ቦታ የወዛደር መልእክት ገባ። ሦስቱም የወጡት ከ1966 እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ባለው ጊዜ ነው። በነዚሁ ዓመታት አገሪቱ በእውኑም ሀሁ እየቆጠረች ነበር፤ በ1971 ዓ.ም. ክረምት ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀምሮ ሽማግሌውም አሮጊቷም ደብተር ይዘው ተቀምጠዋል። የተውኔቱ ርዕስና የአገሩ ኑሮ ገበታ ላይ ተገናኙ።

ከዚያ በኋላ ዓመታት አለፉ፣ መንግሥትም ተለወጠ። በ1980ዎቹ ጸጋዬ «ሀሁ ወይም ፐፑ» ብሎ ብቅ አለ። ፐ የገበታው መጨረሻ ፊደል ነው። ደግሞም ከባዕድ በተዋስናቸው ቃላት ካልሆነ በቀር እምብዛም የማናገኘው ፊደል ነው። ተራውን ጠብቆ ቢሆን ኖሮ ከመልእክት በኋላ ወንጌሉ፣ ከዚያም ዳዊቱ መምጣት ነበረበት፤ ተማሪው ዳዊት ደገመ የሚባልበት ደረጃ። ጸሐፊው ግን ዳዊት አላስደገመንም። ወደ ገበታው መልሶ፣ «ወይም» የምትል አንዲት ቃል መሃል አስገብቶ፣ ከመጀመሪያው ትጀምራላችሁ ወይስ መጨረሻው ጫፍ ላይ ትገኛላችሁ ብሎ ያፋጥጠናል። ሃያ ዓመት የተማረ ተማሪ ገና ሀሁ ላይ ነው ማለቱ ከሆነ፣ ከባድ ወቀሳ ነው። በኔ አስተያየት ከአራቱ ርዕሶች እጅግ የሚያመው ይኸኛው ነው።

ተውኔቶቹ ለገዥዎች ጆሮ የሚመቹ አልነበሩም። በዘውዱም በደርጉም ዘመን የሳንሱር መቀስ አርፎባቸዋል፤ ከመድረክ የታገዱም አሉ። ይህን የምናነሣው ጸጋዬ ርዕሶቹን ከተማሪ ቤት የወሰደው ለጌጥ እንዳልነበረ ለማስረዳት ነው። ሀሁ የሚል ሰው ጥፋተኛ መስሎ አይታይም። ከሕፃን ቃል ጀርባ ትልቅ ነገር መደበቅ ይቻላል። ቅኔ ቤት ይህን ሰምና ወርቅ ይለዋል።

በላይ ቀኑን ልብ በሉ ያልነው ለዚህ ነው። አቡነ ጴጥሮስ አዲስ አበባ ላይ በፋሺስት ጥይት የተገደሉት ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። አርበኞችን አውግዙ፣ ሕዝቡም እንዲገዛ ስበኩ ቢባሉ እምቢ በማለታቸው ነበር። ጸጋዬ የተወለደው ከዚያ በ19 ቀን ነው። 33 ዓመት ግድም ሲሆነው «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት»ን ጻፈ። አጋጣሚ ነው፤ ሆኖም አንድ ጸሐፊ በተወለደበት ክረምት የፈሰሰ ደም ዕድሜ ልኩን ቢከተለው አይደንቅም።

በዚህ ተውኔት ውስጥ ያለው መነባንብ በየትምህርት ቤቱ የታወቀ ነው። የወላጆች ቀን በመጣ ቁጥር አንድ ተማሪ ነጠላውን አጣፍቶ ይወጣና ድምፁ እስኪሰነጠቅ ይጮኸዋል። ይጨበጨብለታል፣ ይወርዳል። ታዲያ ልጁን ጠጋ ብላችሁ «አቡኑ የሚናገሩት ለማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ብዙውን ጊዜ «ለጣሊያን» ይላችኋል። አይደለም! ሞታቸውን የሚጠብቁት አባት ስሞታቸውን የሚያሰሙት ለእመቤታችን ነው። ለወዳጅ የሚነገር ወቀሳ ነው እንጂ ለጠላት የሚወረወር ፉከራ አይደለም። ልጅ እናቱን እንደሚወቅስ ቅሬታ አለው፣ ልመና አለው፣ ዝምታም አለው። ዝምታውን ግን ማንም አይጫወተውም። ተማሪው ሀሁን በዜማ ወርዶታል፣ አቡጊዳ ገና አልደረሰም።

ይህ የጸጋዬ ችግርም ጭምር ነው፤ እሱን ብቻ ማወደስ ደግ አይሆንም። ቋንቋው ይከብዳል። ሁለት ሦስት ሐሳብ አንድ ቃል ውስጥ ጠቅጥቆ ያስገባል፤ ከግዕዝ፣ ከኦሮምኛ፣ ከገጠር አማርኛ የመረጠውን አጋብቶ አዲስ ቃል ይወልዳል። ግጥሙም ከለመድነው የወል ቤት ልክ ይረዝማል። የወል ቤት ስድስት ስድስት ቀለም እየመታ ሲሄድ ጆሮ ይለምደዋል፤ የሱን ረዘም ያለ ስንኝ ግን ትንፋሽ ያላጠራቀመ ተዋናይ መሃል ላይ ይጥለዋል። የሥነ ግጥም ምሁራን ለዚህ ልክ «የጸጋዬ ቤት» የሚል ስም ሰጥተውታል። በሌላ በኩል ደግሞ ጳጳሱም፣ ገበሬውም፣ የከተማው ሥራ ፈትም አንዳንዴ በአንድ አንደበት የሚናገሩ ይመስላሉ፤ ሁሉም ጸጋዬ ይሆናሉ። ይህን ነቀፌታ የሰነዘሩ ተመልካቾች ብዙ ናቸው፤ እኔም ግማሹን እቀበላለሁ። ግማሹን የማልቀበለው፣ ችግሩ ብዙውን ጊዜ ከአነባበብ ስለሚመጣ ነው። ሁሉን በአንድ ድምፅ የሚጮኽ ተዋናይ ቢደረደርለት የማንም ተውኔት አንድ አንደበት ይሆናል።

ለመሆኑ ይህን ጥቅጥቅ ያለ አማርኛ ከየት አመጣው? አንደኛው ምንጭ ትርጉም ነው። የሼክስፒርን «ኦቴሎ»፣ «ማክቤዝ»ና «ሐምሌት» ወደ አማርኛ መልሷል። ሼክስፒርን ቃል በቃል መመለስ አይቻልም። የእንግሊዝኛው ቤት ስለማይመታ የአማርኛውን ቤት እንደገና መሥራት ያስፈልጋል። ሲሠራ ደግሞ የተራ ንግግር አማርኛ አልበቃ ይላል። ጸጋዬ ኦቴሎን አማርኛ ሲያናግር፣ የራሱን ቴዎድሮስና ጴጥሮስ ማናገሪያ አንደበት እያበጀ ነበር ብዬ አምናለሁ። የጀርመናዊውን የብሬሽትን «እናት ኩራዥ» ደግሞ «እናት ዓለም ጠኑ» ብሎ ወደ አገራችን አምጥቶታል። እዚህ ላይ ትርጉም ሳይሆን ውርስ ተውኔት ነው የሠራው፤ ሰዎቹም ምድሩም ኢትዮጵያዊ ሆነዋል። ዕጩ መምህራን ይህን ልዩነት ለይታችሁ ብትይዙት ለአማርኛ ክፍለ ጊዜ ይጠቅማችኋል።

ሁለተኛው ምንጭ የትውልድ መንደሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ለንደን ላይ በእንግሊዝኛ የታተመው «ኦዳ ኦክ ኦራክል» ዙሪያውን የሚሽከረከረው በኦዳ ዛፍ ሥር በሚሰጥ የትንቢት ቃል ነው። ሻንካና ኡኩቴ ይጋባሉ፤ የበኩር ልጃቸው ለመሥዋዕት እንዲሰጥ ትንቢት ተነግሯል። ሻንካ ልጁ እንዳይወለድ ብሎ ሚስቱን አይቀርባትም፤ መከራውም ከዚያ ይጀምራል። ግሪኮች ይህን ዓይነት ታሪክ አሳዛኝ ተውኔት ሲሉ ያውቁታል፤ ዛፉ ግን የኛ ነው። በእንግሊዝኛ የጻፈው ሌላም ሥራ በየአገሩ ይሰማል። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1986 የተቀበለው፣ ኋላም ወደ አፍሪካ ኅብረት የተላለፈው መዝሙር ግጥሙ የጸጋዬ ነው። ቦዳ ከብት ይጠብቅ የነበረው ልጅ የአህጉር መዝሙር ጻፈ ብሎ ለተማሪ መንገር፣ ተማሪው ከብት ጠብቆ የመጣ ከሆነ፣ ትንሽ ነገር አይደለም።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት የኩላሊት ሕመም ጸናበትና እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ለሕክምና አሜሪካ ተቀመጠ። የካቲት 18 ቀን 1998 ዓ.ም. ኒውዮርክ ከተማ ውስጥ አረፈ። አስከሬኑ ወደ አገሩ ተመልሶ አዲስ አበባ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀብሯል።

ቅርሱን በምን እንያዘው? ሐውልትና የመታሰቢያ ቀን ሌላው ያስብበት። ለመምህር የቀረበው መንገድ አቡጊዳ ነው፤ ማለትም ተማሪው በዜማ የሸመደደውን መነባንብ ተራውን መበጥበጥ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ መጋረጃም መብራትም አይጠይቅም። መጀመሪያ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ምን እንደሆነ በሰባት ስምንት ዓረፍተ ነገር ንገሯቸው፤ ታሪኩን ሳያውቅ የሚያነበንብ ልጅ በቀቀን ነው የሚሆነው። ቀጥሎ ከመነባንቡ መሃል አንድ ስንኝ ምዘዙና ሰሌዳ ላይ ጻፉት። ማን ነው የሚናገረው? ለማን? ምን ፈልጎ? እሷ ብትመልስለት ምን ትለው ነበር? ከላይ ጀምሮ ካልወረደ መመለስ ያልቻለ ተማሪ ገና ስንደዶው ያስጨንቀዋል ማለት ነው፤ አትቆጡት፣ ጊዜ ስጡት። ከዚያ ያንኑ ስንኝ ለሦስት ልጆች አካፍሉ። አንዱ እንደ ፉከራ ይበለው፤ አንዷ ማታ እሳት ዳር እናቷን እንደምትወቅስ ትበለው፤ ሦስተኛው በሹክሹክታ። የትኛው እንደተሰማቸው ክፍሉ ይፍረድ። በመጨረሻ ከበድ ያሉትን ቃላት ሰብስቡና ልጆቹ ራሳቸው ለሁለት ይክፈሏቸው፤ ወዛደርን ወዝና አዳሪ ብለን እንደከፈልነው። አያቶቻቸውን ጠይቀው የሚያመጡት ትርጉም አንዳንዴ ከመዝገበ ቃላቱ ይበልጣል።

«ክፍላችን 70 ተማሪ ነው፣ መጽሐፉም አንድ ብቻ ነው፤ ይህ እንዴት ይሆናል?» የሚል ጥያቄ ከሠልጣኞች እንደሚነሣ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መነባንብ ግን ከሌላው የሥነ ጽሑፍ ዓይነት የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ አንድ ቅጂ፣ አንድ ጥሩ አንባቢና 69 ጆሮ ይበቃዋል። መጀመሪያ አንባቢው ራሱ መምህሩ ነው። ስለዚህ ለልምምድ ትምህርት ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ገጽ ምረጡና ማታ ማታ ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ ትንፋሻችሁ የት ላይ እንደሚያልቅ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ቤተ መጻሕፍቱ መጽሐፉን ለሦስት ቀን ያውሳል። እርሳሱን ግን መጽሐፉ ላይ ሳይሆን በደብተራችሁ ገልብጣችሁ ተጠቀሙበት።